ጾምና ፍስክ በአንድ ሰሌዳ፦ የአክስቴን ምግብ ቤት ሰሌዳ ስንሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ከጥምቀት ማግስት

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። የምግቡ ዝርዝር ታትሞ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዋጋ በጨመረ ቁጥር በአሮጌው ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበታል። የጥብሱ መስመር በልጣፍ ብዛት ጉብ ብሏል።

"ሁዳዴ ሳይገባ አንድ መላ በል" አለችኝ። መዶሻና ብሩሽ እንደምወድ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

እሷ የፈለገችው ባነር ነው። ፎቶ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። እኔ ባነር አልወድም። እዚያው ሰፈር ባነሩ ላይ በርገርና ፒዛ ያሳተመ ቤት አለ። ገብታችሁ ብትጠይቁ ወፍ የለም። ያለው ሽሮና ጥብስ ነው። ከታተመ በኋላ ማን ያርመዋል?

"በሳምንት ውስጥ ምን ምን ይቀየራል?" ብዬ ጠየቅኋት። በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ምግቡ በሙሉ ይቀየራል። ሁዳዴ 55 ቀን አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ይመጣል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። በዚህ ሁሉ ላይ የበርበሬና የቅቤ ዋጋ አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ "ዱለት አልቋል" አለ።

እንግዲህ በእጅ የሚጻፍና የሚጠፋ ነገር ነው የሚያስፈልጋት። ጥቁር ሰሌዳ አልኳት።

"ቤቴን ተማሪ ቤት ልታደርገው ነው?" አለች። ቢሆንም አልከለከለችኝም።

በዚያው ሳምንት

ያለውን ለማየት ከተማውን ዞርኩ። ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ውስጥ በብዛት ያገኘሁት ነጭ ሰሌዳ ነው። የአሉሚኒየም ጠርዝ ያለው፣ በማርከር የሚጻፍበት። ለቢሮ ጥሩ ነው። ለምግብ ቤት ግን አይሆንም ባይ ነኝ። የማርከር ቀለም ለቀናት ከቆየ ይደርቃል፣ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፣ አልኮል ይፈልጋል። የወጥ ቤት ጭስና ዘይት ነጩ ላይ ቶሎ ይታያል። ማርከሩ ክዳኑን ሳይገጥሙት ካደረ አበቃለት። ደግሞም ነጭ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሽሮ የስብሰባ አጀንዳ ይመስላል።

ኢናሜል የተለበጠ የብረት ሰሌዳም አለ። ብረቱ ላይ የብርጭቆ ዱቄት ይነሰነስና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ይጣበቃል። ከዚህ የተሻለ መጻፊያ የለም። ጠመኔ አይበላውም፣ ውሃ አይነካውም፣ ማግኔት ይይዛል። ነገር ግን ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጠርዙ ከተመታ ይቦረቦርና ከዚያ ጀምሮ ይዝጋል። ቀኑን ሙሉ ለሚጻፍበት የትምህርት ክፍል ያዋጣል። ጠዋት አንዴ ለሚጻፍበት ምግብ ቤት ትርፉ ምንድን ነው? ጥንት ሰሌዳ ይሠራበት የነበረውን ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ አስቤውም አላውቅ።

ስለዚህ በራስ መሥራት ነው። ጣውላ ቆርጦ ጥቁር መቀባት።

የምጽፈው ማስታወሻ ስለሆነ ዋጋ ማስገባት ነበረብኝ። ግን ይህን እስክታነቡ ስለሚቀየር ትቼዋለሁ።

አናጢው ዘንድ

ሰፈራችን ያሉት አናጢ ጡረታ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም፤ ሥራቸው ግን እስካሁን አልተበላሸም። ኮምፔንሳቶ ይሻላል ወይስ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ስላቸው መልሰው ጠየቁኝ።

"ውሃ ያገኘዋል?"

"በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጋሼ።"

"ጨርቅማ ምንም አይል። ጠርዙ ነው የሚጠጣው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፔንሳቶ እርጥበት ይችላል፣ ግን ፊቱ ላይ የእንጨቱ ጅማት አለ። ብትቀቡትም ያ ጅማት ከቀለሙ ሥር ይታያል፣ ጠመኔውም ይንቀጠቀጥበታል። ኤምዲኤፍ ፊቱ ልሙጥ ነው። ጠላቱ ውሃ ነው፤ ውሃውም የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙ በደንብ ከተደፈነና በፍሬም ከታሰረ ኤምዲኤፍ ያሸንፋል። ላሜራም አንስተን ነበር። ሲነካ ይጮሃል፣ አንድ ወንበር ከነካው ይጎደጉዳል። ተውነው።

ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስማማን። 6ቱ ርካሽ ነው፣ በዚህ ስፋት ግን ይጎብጣል። ሙሉው ጣውላ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹ ይበቃናል። ግማሹን ደግሞ ቁመቱን ይዘን ለሁለት ብንሰነጥቀው እያንዳንዳቸው 61 በ122 የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ይወጣሉ። አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለቁርስና ለመጠጥ። አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት ጠባብ ማድረጉ የክብደት ጉዳይ ነው። 61 በ122 የሆነው ጣውላ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ፍሬሙ ሲጨመር 7 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ያወርደዋል። ይህ በኋላ ጠቅሞናል።

ስለ ፊደል መጠን

ሰው ሰሌዳ ሲመርጥ በግድግዳው ስፋት ይመርጣል። እኔ ከፊደሉ ልጀምር አልኩ። የታወቀ ልክ አለ፦ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል። ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ 7 ሜትር ለካሁ። ስለዚህ ፊደሉ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚህ ማነስ አይችልም። ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። ጠመኔ ጫፉ ደንደን ሲል "ቅቅል"ና "ቀቅል" አንድ ይሆናሉ። የ"ቅ" ቅጥያ ትዋጣለች። ከሩቅ የሚያነብ ሰው ያችን ቅጥያ ካላየ በግምት ነው የሚያዘው።

ፊደሉ 6፣ ከክፍተቱ ጋር መስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር። ጠርዙ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ የሚጻፍበት ቁመት 120 ይሆናል። ከላይ ለርዕስ 14፣ ከታች ለ"ዋጋው ቫትን ያካትታል" 6 ስንተው 100 ይቀራል። አስር መስመር ማለት ነው። ወርዱም ይበቃል። "የጾም በያይነቱ" ከነዋጋው 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈጃል፣ ቦታው ወደ 59 ነው።

አክስቴ አስር ምግብ ብቻ ስትባል ተቆጣች።

"ከሃያ በላይ ነው የምሠራው!"

"ዛሬ ስንቱ አለ?"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። በታተመው ወረቀት ላይ ካለው ግማሹ "የለም" የሚባል ነው። ስትታዘዝ "የለም" ከማለት ጠዋት አለመጻፍ ይሻላል። ለኔ የሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ቤቱን እውነት ያናግረዋል። ቫቷንም ያስጻፍኩት በዚሁ ምክንያት ነው። 15 በመቶ የምትጨመር መሆኗን ሒሳብ ሲመጣ የሚሰማ ደንበኛ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል።

የሙከራ ቁራጮች

ወደ ጣውላው ከመሄዴ በፊት ከአናጢው ትርፍራፊ ለምኜ መዳፍ በሚያህሉ ቁራጮች ላይ ቀለም ሞከርኩ።

የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሲንተቲክ (የዘይት ቀለም)፦ ጠመኔው ያንሸራትታል፣ አምፖሉ ፊቱ ላይ ይታያል። ከጎን የተቀመጠ ሰው የሚያነበው መብራት ብቻ ነው።

ጥቁር የውሃ ቀለም ከሴራሚክ መሙያ ዱቄት ጋር፦ ብዙ ሰው የሚያውቀው የቤት ውስጥ ዘዴ ነው። ለአንድ ስኒ ቀለም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አሸዋ የሌለው ዱቄት። ጠመኔ በጣም ይይዛል፣ ሲጻፍ ደስ ይላል። ግን እርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ሳሽበት ጨርቁ መጥቆር ጀመረ። ለሳሎን ይሆናል፤ በየቀኑ ለሚታጠብ ቤት አይሆንም።

ማት የሆነ (የማያብረቀርቅ) ጥቁር ሲንተቲክ፦ ደርቆ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ፊቱ ለዘብ ይላል። ጠመኔ ይይዛል፣ እርጥብ ጨርቅም ይችላል። ይኸኛውን መረጥኩ።

እኛ ተማሪ ሳለን ሰሌዳ የሚጠቁረው በአሮጌ ባትሪ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ይወጣል፣ ይበጠበጣል፣ ይቀባል። እጃችን ለቀናት አይለቅም። አክስቴ ይህንኑ አስታውሳ "ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?" ብላኛለች። ዱቄቱ ውስጥ ማንጋኒዝ አለ፣ እንጀራ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ አጠገብ ሲቦንን አልፈልግም። አለፍነው።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር የመጣው። በተመረጠው ቁራጭ ላይ "ጥብስ" ብዬ ጻፍኩና አሳደርኩት። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ አጠፋሁና በላዩ "ሽሮ" ጻፍኩ። ከ"ሽ" ጀርባ የ"ጥ" እግር ይታያል። ከ"ሮ" አጠገብ "ስ" ቆሟል። አክስቴ ቁራጩን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ረቡዕ ቀን ለጾመኛ ጥብስ ላስነብበው ነው?"

ምክንያቱ ይታወቃል። አዲስ ሰሌዳ ቀዳዳው ክፍት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ይገባና ይቀራል። መፍትሔውም ይታወቃል፦ ከመጻፍ በፊት ጠመኔውን በጎኑ አስተኝቶ ሰሌዳውን በሙሉ መቀባት፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ቀዳዳው ሁሉ እኩል ይሞላል፣ አንድ ፊደል ለብቻው አይቀርም። ያልተጻፈበትን የቁራጩን ጎን እንዲህ ሳደርገው ጥላው በጣም ቀነሰ። ግን በሰያፍ ብርሃን ስታዩት ጨርሶ አልጠፋም።

ያን ጊዜ ነው "ለምን ሁለቱንም ፊት አንቀባውም?" ያልኩት። አንዱ ፊት ፍስክ፣ ሌላው ጾም። ረቡዕ ጠዋት ይገለበጣል፣ ሐሙስ ይመለሳል። ጥብሱ ሽሮ ሥር አይገባም። የምግቡ ስም በየሁለት ቀኑ አይጻፍም፣ የሚነካው ዋጋው ብቻ ነው።

አናጢው ሲሰሙ "ይሄ ጣውላውንም ይጠቅመዋል" አሉ። በአንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ኤምዲኤፍ ያልተቀባው ፊቱ እርጥበት ይስብና ይጎብጣል። ሁለቱም ከተቀባ እኩል ይሳሳባል።

አስተርእዮ ማርያም አልፎ

ፍሬሙ ዋንዛ ነው። አናጢው ከፈረሰ አሮጌ አልጋ ያስቀሩት ነበራቸው። አሁን እንዲህ ያለ ዋንዛ ገዝቶ ማግኘት ቀላል አይደለም። የፍሬሙ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉን ቦይ አወጡለትና ጣውላው እዚያ ውስጥ ገባ። በዚህም ጣውላው በሁለቱም በኩል ከፍሬሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህ ለውበት አይደለም። ወደ ግድግዳው የዞረው ፊት ግድግዳውን አይነካም፣ ጽሑፉ አይፋቅም።

ፍሬሙ ከመግባቱ በፊት ጣውላውን ቀባሁት። መጀመሪያ ጠርዙን በስቱኮ ደፈንኩ፣ አሸሁ፣ ደግሜ ደፈንኩ። ከዚያ ሥረ ቀለም፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ጥቁር። በብሩሽ አይደለም። ብሩሽ ቦይ ቦይ ይተዋል፣ የጠመኔ ዱቄት እዚያ ይተኛል። የስፖንጅ ሮለር ይሻላል። አንዱን ዙር ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ጎን፣ በመካከላቸው በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት። ቀለሙን በአኳራጅያ ትንሽ ማቅጠን ግድ ነው፤ ወፍራም ሲሆን ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል።

ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አልፋለች፣ የጥር ሌሊት ቀላል አይደለም። ቀለም ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ሰዓት አይደርቅም። በጥፍር ስጫነው ምልክት መተው እስኪያቆም ድረስ ጠበቅሁ፣ ከዚያም ጨምሬ አሳደርኩት። ጠመኔ ለመንካት ቢያንስ ሦስት ቀን መጠበቅ ይመከራል። እዚህ ብርድ ውስጥ ከዚያ በላይ ይሁን እላለሁ።

የአክስቴን ትዕግሥት ግን አልለካሁትም።

ግድግዳው

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ውስጡ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፣ ለዓይን ብሎኬት ይመስላል። ትራፓኖ አንስታችሁ ፊሸር ብትከቱበት ከጭቃው ጋር ይወጣል። ብሎኬት ቢሆንም ችግሩ አይጠፋም፤ መሃሉ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር የሚይዘው አያገኝም፣ ረዥም ይፈልጋል። በጭቃ ቤት ግን የሚይዘው እንጨቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ጭቃው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ይለያል። በቀጭን ሚስማር ወጋ አድርጌ አረጋገጥኩ። ቀዳዳዋ በኋላ ሰሌዳው ሥር ትገባለች። ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ አገኘሁና በላያቸው አግድም አንድ ሞራሌ በረዥም ቪቴ አሰርኩ። ውሃ ልኩ ሞራሌው ቀጥ ብሏል አለ። ጣሪያው ግን ራሱ ዘመም ስላለ ሰሌዳው የተጣመመ ይመስላል። አክስቴ በዓይኗ አስተካከለችው፤ በውሃ ልክና በጣሪያው መካከል ተስማማን።

ሞራሌው ላይ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ሁለት ጠንካራ ኩላብ፣ ፍሬሙ አናት ላይ ሁለት የብረት ቀለበት። ቀለበቱ በፍሬሙ ውፍረት መሃል ላይ ስለሆነ በየትኛውም ፊት ይሰቀላል። ለማውረድ ግራና ቀኙን ይዞ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1.10 ሜትር ነው። ከዚያ ዝቅ ቢል የተቀመጠ ሰው ራስ ታችኛውን መስመር ይሸፍነዋል። ከዚያ ከፍ ቢል ለማውረድ ያስቸግራል።

ቦታውን የመረጥነው በብርሃኑ ነው። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ግን ፀሐይ ቀጥታ ይመታዋል፣ የተጻፈው ይጠፋል። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ እንፋሎት አለ። ስለዚህ የጎኑን ግድግዳ፣ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ያለውን ወሰድን።

የሚጽፈው ልጅ

ሰሌዳ ሲመረጥ የሚረሳው ሰው የሚጽፈው ነው። የአክስቴ አስተናጋጅ ከዚህ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔ ቤት ገብቷል፣ ቁም ጽሕፈትም ተለማምዷል። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አስተናጋጅ ሆኖ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የታወቁት ጉባኤ ቤቶች፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማም ያሉት እዚሁ አገር ነው።

ጠመኔ ሰጠሁት። ወዲያው አልጻፈም። ደጅ ወጣና የጠመኔውን ጫፍ ሸካራ ድንጋይ ላይ በሰያፍ አሸው፣ እንደ መቃ ብዕር ጠፍጣፋ አደረገው። በዚህ ሲጻፍ ወደ ታች የሚወርደው ጭረት ወፍራም፣ የጎኑ ቀጭን ይሆናል። ከዚያ ሲባጎ ጠመኔ ላይ አሽቶ ከፍሬም ፍሬም ወጠረና በጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ቀጥ ያለ ስስ መስመር ወጣ። ብራና ላይ ከመጻፍ በፊት መስመር እንደሚወጋ የለመደ እጅ ነው። እኔ ፍሬሙ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ምልክት አድርጌለት ስለነበር መለካት አላስፈለገውም።

ርዕሱን በቀይ ጠመኔ ጻፈ። "ምነው ቀይ?" ስለው "ርዕስማ በቀይ ነው" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

ስለ ጠመኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ዛሬ የሚሸጠው ጠመኔ አብዛኛው ከጀሶ የሚሠራ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በሸለቆው ድንጋይ መካከል ጀሶ አለ፤ እኛ ግን በፓኮ ታሽጎ የመጣውን እንገዛለን። ሁለተኛው፣ ጠመኔ ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ተነክሮ ሲጻፍበት ደርቆ ደመቅ ይላል፣ አይቦንንም፣ በእጅ ሲነካ አይለቅም። ለማጥፋት እርጥብ ጨርቅ ይፈልጋል። እኛ የምግቡን ስም በስኳሩ ጠመኔ፣ ዋጋውን በደረቁ ጻፍን። ስሙ ይቆያል፣ ዋጋው በጣት ይጠፋል። አክስቴ ዝንብ ይመጣል ብላ ሠጋች፤ እስካሁን የመጣ የለም።

ከአዲስ አበባ የመጣ የፈሳሽ ጠመኔ ማርከርም ሞክረናል። በቁራጩ ላይ ከርሞ አልለቅ አለ። እንዲህ ያለው ማርከር ለብርጭቆና ለኢናሜል ነው፣ ለተቀባ እንጨት አይደለም። ፈጽሞ የማይቀየረውን "ቡና"ና "ሻይ" የሚለውን ስም ብቻ በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ጻፍንበት።

ነነዌ

የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ለጾሙ ፊት ጥሩ መፈተኛ ሆነ። እሑድ ማታ ልጁ ሰሌዳውን አውርዶ ገለበጠ። ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ የጾም በያይነቱ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍርፍር፣ ፓስታ በአትክልት። ሁለት መስመር ባዶ ቀረ።

"ዓሣ ጨምሩበት" አለ አንድ ደንበኛ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ዓሣ በየትኛው ፊት ይጻፍ? አንዱ ይበላል አለ፣ አንዱ ከሥጋ ምን ለየው አለ። አንድ ሽማግሌ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጉዳዩን ከሥሩ ሊያስረዱ ጀመሩ። ሽሯቸው ቀዘቀዘ። አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "በዚህ ቤት በፍስኩ ፊት ነው፣ አለቀ" አለች። አለቀ።

ሐሙስ ሰሌዳው ተመለሰ። የፍስኩ ጽሑፍ እንዳለ ነበር፣ የአንድ ሴንቲ ሜትሯ ክፍተት ሥራዋን ሠርታለች። የነበረው ጉድለት ጨርቁ ነው። አንዷ ልጅ በወጥ ቤት ጨርቅ ጠርጋው ታችኛው መስመር ላይ ቅባት ቀርቷል። ቅባት ያለበት ቦታ ጠመኔ አይይዝም፣ ያልፈዋል። በጥቂት ላርጎና ለብ ባለ ውሃ ጠርገን አደረቅነው፣ ጠመኔ በጎኑ አስተኝተን ደግመን አሸነው፣ ተስተካከለ። አሁን የሰሌዳው ጨርቅ ለብቻው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ነው። ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ ወጥ ቤት እንዳይገባ ታዟል።

ቅበላ

ቤቱ ሞልቷል። ፍስኩ ፊት ላይ አስሩም መስመር ተይዟል። ጥብስ፣ ዱለት፣ ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ክትፎ። "አልቋል" የሚለውን ልጁ አይጽፍም፤ ስሙን በአንድ አግድም ጭረት ይሰርዘዋል። ከሩቅ ይታያል፣ አስተናጋጅ አይጠራም።

ማታ ላይ አክስቴ አሮጌውን ዝርዝር ከግድግዳው ስትነቅል ልስኑ አብሮ ተነሣ። እሱን ነገ በስቱኮ እደፍነዋለሁ።

አሁን የቀረው መብራት ነው። ሰሌዳው ጥቁር ስለሆነ ምሽት ላይ ጥግ ጥጉ አይነበብም። ከላይ፣ ከሰሌዳው ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ወደ ታች የሚያበራ አምፖል ያስፈልጋል። ልክ ከፊት ለፊት ከተቀመጠ ተመልሶ ዓይን ይመታል። ሽቦው ሞራሌው ሥር ያልፋል።

ፍስኩ ፊት ከሰኞ ጀምሮ 55 ቀን ወደ ግድግዳው ይዞራል። የምግቡን ስም ተውን፣ ዋጋውን ግን አጠፋነው። ለፋሲካ የሥጋ ዋጋ ስንት እንደሚሆን ማን ያውቃል?

የቀረው ግማሽ ጣውላ አናጢው ዘንድ ነው። ጎረቤት ያለው ጁስ ቤት ሰሌዳውን አይቶ ለራሱ ጠይቋል። ለእሱ አንድ ፊት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ከዚያ አቮካዶ በወተት እንደሚሸጥ ትዝ አለኝ። ለእሱም ሁለቱንም ፊት እንቀባለን።